ዕዳ ከሜዳ፦ የተሰረቀ ስምና የወንድም ገመና

አበው «ዕዳ ከሜዳ» የሚሉት አባባል አላቸው። ሰው ሳያስበውና ሳይዘጋጅበት ከማያውቀው ስፍራ ተነሥቶ የሚወድቅበትን ጣጣ ለመግለጽ የሚነገር ነው። በዘመናችን ግን ይህ አባባል ምሳሌ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ቃል በቃል ሲፈጸም የምናይበት ጊዜ መጥቷል። ሰው ያላዘዘው ዕቃ፣ ያልፈረመው ውል፣ ያልተቀበለው ብድር በስሙ ይመዘገብና «ክፈል» የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል። በአሜሪካና በአውሮፓ «የማንነት ስርቆት» የሚባለው በደል ይኸው ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ግን በመጀመሪያ የሕግ ጥያቄ ሳይሆን የኅሊና ጥያቄ ነው፤ ይኸውም፦ ስማችንን የሰረቀው ሰው የገዛ ወገናችን፣ ያውም ባለ ውለታችን ሲሆን ምን ማድረግ ይገባናል? ስለ ፍቅር ብሎ ዝም ማለትና መክፈል ነው ወይስ እውነቱን መናገር?

ጥያቄውን ከመጽሐፍ አላገኘነውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቁምስናችን የሚኖሩ አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ ሊያነጋግሩን መጡ። የነገሩን ነገር በምሥጢረ ንስሓ የተሰማ ስላልሆነ፣ እሳቸውም «ሌላው ይማርበት» ብለው ስለ ፈቀዱልን እዚህ እንጽፈዋለን፤ ባለጉዳዮቹ እንዳይታወቁ ግን ስማቸውንም ቦታቸውንም ትተናል።

የእኚህ እናት ልጅ ወደ አሜሪካ ከሄደች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት በሌሊት ተራ እየሠራች ራሷን ታስተዳድራለች፤ ለእናቷም ትልካለች። አንድ ቀን ከዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ደብዳቤ ደረሳት። ደብዳቤው እንደሚለው፣ በካታሎግ አማካይነት ዕቃ ከሚሸጥ ድርጅት ዘንድ የዱቤ ሒሳብ ከፍታ አልጋ፣ ቴሌቪዥንና የልጆች የክረምት ልብስ ወስዳለች፤ ከ1,100 ዶላር በላይም ሳትከፍል ቀርታለች። እርሷ ግን ልጅ የላትም፤ ካታሎጉንም በዓይኗ አይታው አታውቅም። ወደ ድርጅቱ ስትደውል ዕቃው የተላከበትን አድራሻ አነበቡላት። አድራሻው የአክስቷ ልጅ ቤት ነበረ።

ይህ ሰው አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄዶ የተቀበላት፣ ስምንት ወር ያለ ኪራይ ቤቱ ያስቀመጣት፣ የመጀመሪያ ሥራዋንም ያገኘላት ሰው ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዷ በፖስታ የመጣው በእርሱ የፖስታ ሣጥን ነበር።

እናቲቱ ይህን ሁሉ ከነገሩን በኋላ እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦ «አባ፣ የእህቴ ልጅ ነው። ልጄን በሰው አገር የተቀበለልኝ እሱ ነው። ገመናችንን ለፈረንጅ እናውጣ? ወይስ ትክፈለውና ይቅር?»

እኛም ብዙ ሳናስብ፣ «እናቴ፣ ገንዘብ ይመጣል፤ ዘመድ ግን ከጠፋ አይገኝም። ትክፈለውና ሰላም ይሁን» ብለን መለስንላቸው። ምክሩ ክርስቲያናዊ መሰለን። እሳቸውም እፎይ ብለው ሄዱ። ልጅቱም ከደመወዟ እየቀነሰች በአራት ወር ከፍላ ጨረሰች።

ዓመት ሳይሞላ እናቲቱ ተመልሰው መጡ። ከሌላ የካታሎግ ድርጅት ሌላ ዕዳ መጥቷል። ልጅቱ ቤት ለመከራየት ስታመለክት የብድር መዝገቧ ታይቶ ተከልክላለች። «አባ፣ ከፍላ ነበር እኮ» አሉን። ሌላ አልጨመሩም። እኛም የሰጠነው ምክር የት ላይ እንደ ተሳሳተ ራሳችንን መመርመር ግድ ሆነብን። ከዚህ በታች የምናቀርበው የዚያ ምርመራ ፍሬ ነው።

ፊትን የሚያውቅ ዱቤ፣ ቁጥርን የሚያውቅ ዱቤ

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ ይህ ዓይነት ንግድ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይጠቅማል። ዕቃን በዝርዝር አትሞ በፖስታ መሸጥ የቆየ ሥራ ነው። በዌልስ ፕራይስ ፕራይስ ጆንስ የተባለ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1861 ዓ.ም. የሱፍ ጨርቅ በፖስታ መሸጥ ጀመረ። በአሜሪካም አሮን ሞንትጎመሪ ዋርድ እ.ኤ.አ. በ1872 ዓ.ም. በቺካጎ ከተማ ሆኖ ከገበያ ርቀው ለሚኖሩ ገበሬዎች የዕቃ ዝርዝር ከነዋጋው ላከ። ከእርሱ በኋላ የተነሣው የሲርስ ሮባክ ድርጅት ትልቁ ካታሎግ እ.ኤ.አ. እስከ 1993 ዓ.ም. ድረስ በየቤቱ ሲደርስ ኖሯል።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ለእኛ እጅግ የሚቀርብ ልማድ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1932 ዓ.ም. ጆን ሙርስ በሊቨርፑል ከተማ የሊትልውድስን የካታሎግ ንግድ ሲጀምር የተጠቀመው ቀደም ሲል በሠራተኞች መካከል በነበረው የማኅበር ልማድ ነው። ሃያ ያህል ጎረቤታሞች ይሰበሰባሉ፤ እያንዳንዱ በየሳምንቱ አንድ ሽልንግ ያዋጣል፤ ዕጣ ይወጣና በየሳምንቱ አንዱ ባለ ተራ ከካታሎጉ የአንድ ፓውንድ ዕቃ ይወስዳል። ይህ ከዕቁብ በምን ይለያል? ባንክ የማያበድረው ድሃ በጎረቤቱ መታመን ዕቃ አገኘ። ገንዘቡን የምትሰበስበው ሴት የእያንዳንዱን ቤት ታውቃለች፤ ማን ሥራ እንደ ፈታ፣ ማን እንደ ታመመ ታውቃለች። በእኛም ዕቁብ ቀድሞ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ይጠራል። ዱቤው የቆመው ፊትን በማወቅ ላይ ነበረ።

ዛሬ ግን ዱቤው ፊትን አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥርን ነው። በአሜሪካ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1936 ዓ.ም. የሠራተኛውን ደመወዝ ለጡረታ ለመመዝገብ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ለባንክ፣ ለብድርና ለቤት ኪራይ ሁሉ የሰው መታወቂያ ሆነ። የዱቤ ሒሳብ ለመክፈት ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻና ይህ ዘጠኝ አኃዝ ያለው ቁጥር ከተሞላ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ዕቃው አስቀድሞ ይሄዳል፤ ክፍያው በየወሩ ይከተላል። ፎርሙን የሞላው እጅ የማን እንደሆነ ያየ ሰው የለም።

የእያንዳንዱን ሰው የብድር ታሪክ በዋነኛነት የሚይዙት ሦስት ድርጅቶች ናቸው፤ ኢኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን ይባላሉ። ያልተከፈለ ዕዳ በእነርሱ መዝገብ እስከ ሰባት ዓመት ሊቆይ ይችላል። አበዳሪው፣ ቤት አከራዩ፣ አንዳንድ ጊዜም አሠሪው ይህን መዝገብ ያያል። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. ከኢኩፋክስ ብቻ የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ተሰርቋል። ነገር ግን ስም የሚሰረቀው ሁልጊዜ በሩቅ ባለ ሌባ አይደለም። የፖስታ ሣጥኑን የሚከፍተው፣ ሰነዱ የተቀመጠበትን መሳቢያ የሚያውቀው የቤት ሰው ነው። ወላጆች እንኳ በሕፃን ልጃቸው ስም የዱቤ ሒሳብ የሚከፍቱበት ጊዜ አለ፤ ልጁ አድጎ ለትምህርት ሲበደር ነው ዕዳ እንዳለበት የሚሰማው።

ስማችን በባዕድ መዝገብ

በዚህ ላይ ለወገኖቻችን የተለየ ችግር አለ። በአገራችን ልማድ ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው፤ የቤተሰብ ስም የለንም። በአሜሪካ መዝገብ ግን የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይያዛል። ስማቸው በአንድ ፊደል የሚጀምር የአንድ አባት ልጆች በአንድ ቤት ሲኖሩ መዝገባቸው ሊደባለቅ ይችላል። ስማችን በላቲን ፊደል ሲጻፍም አንዴ በአንድ መልክ፣ ሌላ ጊዜ በሌላ መልክ ይሆናል። በስደት ከሄዱት መካከል ብዙዎች የልደት ቀናቸው በሰነድ ስላልተገኘ በፈረንጆች ዓመት መጀመሪያ ማለትም በጃንዋሪ 1 እንደ ተወለዱ ተመዝግቦላቸዋል። በስምና በልደት ቀን የሚመሳሰሉ ሁለት ሰዎች ማግኘት እንግዲህ አስቸጋሪ አይደለም።

ስለዚህ በስማችን የመጣ ዕዳ ሁሉ የስርቆት ማስረጃ አይደለም። ያለ በቂ ምክንያት የባልንጀራን ጥፋት እውነት ነው ብሎ በልብ መቀበል ራሱ ኃጢአት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ይህን በስምንተኛው ትእዛዝ ሥር ታስተምራለች። የአሜሪካ ሕግ ለዚህ መንገድ አበጅቷል፦ እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በስሙ የተጭበረበረ ሰው የማንነቱን ማረጋገጫና የበደሉን ማስታወቂያ አያይዞ በጽሑፍ ሲጠይቅ፣ ሒሳቡን የከፈተው ድርጅት የማመልከቻውንና የግዢውን ሰነድ ቅጂ በ30 ቀን ውስጥ ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያዛል። ሰነዱን ሳያዩ ሰውን መወንጀል አይገባም። እኛም ለእናቲቱ ልንነግራቸው ሲገባን ያልነገርናቸው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር።

ምክራችን ለምን ስሕተት ሆነ

ልጅቱ የመጀመሪያውን ዕዳ ስትከፍል ምን ማድረጓ ነበር? እኛ ለወንድሟ ምጽዋት እንደ ሰጠች ቈጥረነው ነበር። በድርጅቱ ዓይን ግን «ሒሳቡ የእኔ ነው» ማለቷ ነበር። ያልከፈተችውን ሒሳብ በሥራዋ አጸናችው። የአክስቷም ልጅ ክፍያው መፈጸሙን ሲያይ የተሰረቀው ስም አሁንም የሚያገለግል መሆኑን ተማረ። በእርሷ በኩል ደግሞ ዕዳው አለቀ እንጂ ቁጣው አላለቀም፤ ወደ ቤቱ መሄድ አቆመች፤ ሲደውል አታነሣም። ሰላም ብለን የጠራነው ነገር ዝምታ ብቻ ነበረ።

የስሕተታችን ሥር ግን ከዚህ ይጠልቃል። ገንዘብ የተሰረቀ መስሎን ነበር፤ የተሰረቀው ስም ነው። በገንዘብና በስም መካከል ያለውን ልዩነት እንመልከት።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንደሚለው የምድር ሀብት አስቀድሞ ለሰው ልጅ ሁሉ የተሰጠ ነው። ስለዚህ ሌላ መንገድ አጥቶ በረሃብ ሊሞት የደረሰ ሰው የሌላውን እንጀራ አንሥቶ ቢበላ ሌባ አይባልም። ይህ ትምህርት ግን ለእንጀራ ይሠራል እንጂ ለስም አይሠራም። የአንድ ሰው ስም ለሁሉ የተሰጠ ሀብት አይደለም፤ ለአንድ ሰው የተሰጠ ነው። በስሙ ተጠርቶ ይጠመቃል፤ በስሙ ቃል ኪዳን ይገባል፤ በስሙ ይጠየቃል። የልጆቹ ብርድ የአክስቷን ልጅ ጥፋት ሊያቀልለት ይችላል፤ በእርሷ ስም የመፈረም መብት ግን አይሰጠውም።

ስም በአንድ መንገድ ብቻ ለሌላው ሊውል ይችላል፤ ባለቤቱ ፈቅዶ ሲሰጠው። ይህንም በአማርኛ ዋስትና እንለዋለን። ዋስ ማለት በገዛ ስሙ በሌላው ዕዳ ፊት የሚቆም ሰው ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው አጭር መልእክት ይህን አድርጓል፤ አናሲሞስ የበደለው ወይም ያለበት ዕዳ ካለ በራሱ ላይ እንዲቈጠር ይጠይቃል፤ ይህንም በገዛ እጁ እንደ ጻፈ፣ እርሱም እንደሚከፍል ያረጋግጣል። የማንነት ስርቆት የዚህ ተቃራኒ ነው። አንዱ በገዛ እጁ ጽፎ የወንድሙን ዕዳ በራሱ ላይ ያደርጋል፤ ሌላው በወንድሙ ስም ጽፎ የራሱን ዕዳ በወንድሙ ላይ ያደርጋል።

በኦሪት ዘፍጥረት ያለውንም ታሪክ እናስታውስ። ያዕቆብ ዓይኑ በደከመው አባቱ ፊት ቀርቦ በወንድሙ በዔሳው ስም በረከቱን ወሰደ። ይስሐቅ ድምፁን ተጠራጥሮ ነበር፤ ፊቱን ማየት ስላልቻለ ግን እጁን ዳሶ አመነ። ያዕቆብ በዚያ በረከት ብዙ ሀብት አገኘ፤ ወንድሙን ግን ለብዙ ዘመን ማየት ፈራ። ሊመለስም ሲል በያቦቅ ወንዝ ዳር ስሙ ማን እንደሆነ ተጠየቀ። ያን ጊዜ የገዛ ስሙን ተናገረ። ዔሳውን የተገናኘው ከዚህ በኋላ ነው፤ የተገናኘውም ባዶ እጁን ሳይሆን ብዙ መንጋ አስቀድሞ ልኮ ነው። እውነተኛ ዕርቅ በዚህ ሥርዓት ይሄዳል፤ መጀመሪያ እውነተኛ ስም፣ ቀጥሎ ካሳ፣ ከዚያ መተቃቀፍ። እኛ ግን ከመጨረሻው ጀምረን ነበር።

ዝምታና ሐሰት

ይህን ከተረዳን በኋላ የሚከተለው ጥያቄ የባሰ ከባድ ነበር። የተበደለ ሰው ስሙን ለማስመለስ በደሉን ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቅና በመግለጫው ላይ መፈረም ይኖርበታል። ማስታወቂያው ተሟልቶ ሲቀርብ የብድር መዝገብ ያዦቹ የተጭበረበረውን ሒሳብ በ4 የሥራ ቀናት ውስጥ ከመዝገቡ እንዲያግዱ ሕጉ ያዛል። ነገር ግን መግለጫው በደሉን የፈጸመውን ሰው ታውቂ እንደሆነ ይጠይቃል። ሐሰት መጻፍ በሕግ እንደሚያስቀጣም ያስጠነቅቃል። በሌላ በኩል ዜግነት ላላገኘ ስደተኛ በማጭበርበር ወንጀል መፈረድ ከአገር እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል። የአክስቷ ልጅ ሦስት ልጆች አሉት። እናቲቱ «ልጄ ስሟን ብታስመልስ የእህቴ የልጅ ልጆች አባታቸውን ሊያጡ ነው?» ብለው አለቀሱ። ይህን ጥያቄ በቀላሉ የሚመልስ ሰው ክብደቱን አልተረዳውም።

በዚህ ስፍራ የሥነ ምግባር ትምህርት የሚያስተምረው አንድ ልዩነት ረድቶናል፤ ይኸውም በዝምታና በሐሰት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሰው የሚያውቀውን እውነት ሁሉ ለጠየቀው ሁሉ የመናገር ግዴታ የለበትም፤ የባልንጀራን ደኅንነትና ክብር መጠበቅ ዝም የሚያሰኝበት ጊዜ አለ። ሐሰትን እውነት ነው ብሎ መመስከር ግን ከቶ አይፈቀድም። ስለዚህ ልጅቱ «ይህን ሒሳብ አልከፈትሁም፤ ዕቃውንም አልተቀበልሁም» ብላ መፈረም ትችላለች፤ ይህ እውነት ነውና። ማን እንዳደረገው በሚጠይቀው ስፍራ ሕግ እስካላስገደዳት ድረስ ዝም ማለት ትችል ይሆናል፤ ይህንም ከሕግ አዋቂ ጋር መመካከር ይገባታል። «አላውቅም» ብላ መጻፍ ግን አትችልም። እንዲህ ብትጽፍ ስሟ ሁለት ጊዜ ለሐሰት ይውላል፤ መጀመሪያ በእርሱ እጅ፣ ቀጥሎ በገዛ እጇ።

ዝምታውም ቢሆን ወሰን አለው። ወንድምን ለመመለስ ጊዜ የሚገዛ ዝምታ ፍቅር ነው፤ ወንድምን በጥፋቱ የሚያጸና ዝምታ ግን ተባባሪነት ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያስተማረው መንገድ ለዚህ ነው፤ መጀመሪያ ለብቻ፣ ካልሰማ በአንድና በሁለት ሰው ፊት፣ ከዚያም በማኅበር ፊት። የአገራችን ሽምግልና ይህን መንገድ ያውቀዋል። ስለዚህ ለእናቲቱ ሁለተኛውን ምክር ሰጠናቸው፦ ልጅቱ አስቀድማ የማመልከቻውን ቅጂ ታስመጣ፤ ቀጥላም ለብቻው ታነጋግረው፤ ካልሰማ ሁለት ሽማግሌዎች ይቀመጡ፤ የተወሰነ ቀን ይሰጠው፤ ያ ቀን ካለፈ ግን እውነቱን እስከ ስሙ ድረስ ትናገር። የሚከተለው መከራ ያን ጊዜ ከእርሱ ሥራ እንጂ ከእርሷ ምላስ አይመጣም።

ለብቻው ባነጋገረችው ጊዜ ካደ። በሽማግሌዎች ፊት የማመልከቻው ቅጂ ሲቀርብና የገዛ ስልክ ቁጥሩን በላዩ ሲያይ ግን ዝም አለ። ከዚያም ጀርባውን ታሞ ሥራ በፈታበት ክረምት እንዳደረገው፣ ሳታውቅ ከፍሎ ሊጨርስ አስቦ እንደ ነበረ ተናገረ። ስለ ሁለተኛው ሒሳብ ሲጠየቅ ግን ተቆጣ። «አንቺስ ስምንት ወር ቤቴ በልተሽ ጠጥተሽ የለም ወይ? እኔ አስከፍዬሻለሁ?» አላት።

ይህ ንግግር ብዙ አሳስቦናል። ሰውየው ውሸቱን አልነበረም፤ በእውነት ረድቷታል። ነገር ግን ውለታ አንድ ጊዜ ከተሰጠ በኋላ ዋጋው ሊጠየቅበት የሚችል ነገር አይደለም። አስቀድሞ በነጻ ተሰጥቶ በኋላ ዋጋ የሚጠየቅበት ውለታ ተቀባዩ ያልፈረመበት የዱቤ ውል ይሆናል። ስንቶቻችን ነን ወገኖቻችንን እንዲህ በልባችን መዝገብ ባለ ዕዳ ያደረግን? ወላጅ ለልጁ፣ ታላቅ ለታናሹ፣ ቀድሞ የሄደ ስደተኛ ኋላ ለመጣው የሰጠውን በኅቡእ ይቈጥራል፤ ተቀባዩ ስጦታ መስሎት ይኖራል፤ አንድ ቀን ደብዳቤው ይደርሰዋል። የስም ስርቆቱ የተጀመረው ፎርሙ ከመሞላቱ በፊት፣ በዚያ የልብ መዝገብ ሳይሆን አይቀርም።

ካሳ

የሰረቀ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ የወሰደውን መመለስ ይገባዋል፤ ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለውን ሁላችንም እናውቃለን። ስም የሰረቀ ሰው ታዲያ ምን ይመልሳል? የአልጋውንና የቴሌቪዥኑን ዋጋ ብቻ ቢመልስ ካሳው ግማሽ ነው። የተከለከለችው ቤት አለ፤ ያባከነችው የሥራ ቀን አለ፤ በአበዳሪዎች ፊት የጠፋ ታማኝነት አለ። እነዚህን የሚመልሰው እውነትን በራሱ ስም በመናገር ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹም ይህን ጠየቁት። እርሱም ብዙ ቀን ካመነታ በኋላ ሁለቱንም ሒሳብ የከፈተው እርሱ መሆኑን ለድርጅቶቹ በፊርማው ጻፈ፤ ሁለተኛውን ዕዳ በየወሩ ለድርጅቱ፣ የመጀመሪያውንም ለእርሷ መክፈል ጀመረ። ክስ እንዲመሠረትበት አልጠየቀችም። እርሷም መግለጫዋን በእውነት ፈረመች፤ መዝገቧም ተስተካከለ።

ሁሉም ነገር ተፈወሰ ብለን ግን አንጽፍም። እናቲቱ እንደ ነገሩን በበዓል ቀን በአንድ ቤተ ክርስቲያን ይቆማሉ፤ በአንድ ማዕድ ግን ገና አልተቀመጡም። ሆኖም ሲደውል ታነሣለች። ከዚህ በፊት ያ አልነበረም።

የኃላፊነቱ ሸክም በአንድ ድሃ ስደተኛ ላይ ብቻ እንዲወድቅም አንፈልግም። ፊት ሳያይ፣ ሳይጠይቅ፣ ለሽያጭ ብሎ ፈጥኖ ዱቤ የሚከፍት ድርጅት ከማጭበርበሩ በኋላ ራሱን ንጹሕ አድርጎ በተበደለው ሰው ላይ ዕዳ ሰብሳቢ ሲልክ ፍትሕ ይጓደላል። የአሜሪካ ሕግም እ.ኤ.አ. ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ የብድር መዝገብ ያዦች የሚሰጡት መረጃ ትክክለኛ እንዲሆን ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። ድሃው በቀላሉ ዱቤ ማግኘቱ መልካም ነው፤ በድሃው ስም በቀላሉ ዱቤ መከፈቱ ግን መልካም አይደለም።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

ይህ ጉዳይ በአገር ውስጥ ላሉት ሩቅ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ብዙ ቤተሰቦች በውጭ አገር ልጅ አላቸው፤ ምክርም ይጠይቃሉ። ስለሆነም የሚከተለውን ብታስታውሱ ይጠቅማል። በአሜሪካ የሚኖር ሰው የብድር መዝገቡን በነጻ ማየት ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮም ማንም በስሙ አዲስ ዱቤ እንዳይከፍት መዝገቡን ያለ ክፍያ ማሳገድ፣ ሲፈልግም ማስከፈት ይችላል። ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ወላጆች ይህን ሊያደርጉላቸው ይችላሉ። ከዕዳ ሰብሳቢ የደረሰን ደብዳቤ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ የተቃወመ ሰው፣ ድርጅቱ ዕዳውን እስኪያረጋግጥለት ድረስ መጠየቁን እንዲያቆም ሕጉ ያዛል። ያልተበደሩትን ዕዳ «ይለፍ» ብሎ ለመክፈል መቸኰል አይገባም። አዲስ መጥ ወገናቸውን የሚቀበሉም የእንግዳቸውን ፖስታ ሳይከፍቱ በእጁ ይስጡ፤ እንዲህ ያለው ጥንቃቄም የእንግዳ ተቀባይነት ክፍል ነው።

ለወጣቶችም ሰባተኛውን ትእዛዝ ስታስተምሩ ከኪስ ስለሚወሰደው ገንዘብ ብቻ አትናገሩ። ዛሬ በወንድም ስልክ፣ በእኅት መታወቂያ፣ በወላጅ ፊርማ «ለጊዜው ነው» እየተባለ የሚደረግ ብዙ ነገር አለ። ስም ያለ ፈቃድ የሚዋሱት ዕቃ እንዳልሆነ ከልጅነታቸው ይወቁ።

የወንድምን ገመና መሸፈን የተመሰገነ ልማዳችን ነው፤ ይህን ልማድ ልንተወው አንፈልግም። ወንድሙን መርዳት የፈለገ ሰው ዋስ ይሁንለት፤ ዕዳውንም ቢፈልግ «የእርሱ ነው፤ እኔ ግን ስለ እርሱ እከፍላለሁ» ብሎ በግልጽ ይክፈል። ያልሠራውን «ሠርቻለሁ» በሚያሰኝ ክፍያ ግን ማንም አይሸፈንም። የመጀመሪያ ምክራችንን የሰሙት እናት ይቅርታ አድርገውልናል፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍነውም ሌላ ካህን ወይም ሌላ መምህር እንደ እኛ ቸኵሎ እንዳይመልስ ነው።